የኤሌክትሮዱ ፊት

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። የምቀዳው ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለችው ክፍሌ ስለሆነ የታክሲ ረዳቶች ጥሪ ጣልቃ ቢገባ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በሙያዬ የዕፅዋት ተመራማሪ ነኝ። በቡና ውስጥ ያሉትን፣ ፌኖሊክ ውህዶች የተባሉ የዕፅዋት ኬሚካሎች ለዓመታት የለካሁት በስፔክትሮፎቶሜትር ነበር፤ ብርሃኑ ናሙናውን ከዳር እስከ ዳር አልፎ ስለሚወጣ የሚነግረኝ ስለ ፈሳሹ ሁሉ ነው። ባለፈው ዓመት ግን እነዚህ ውህዶች ኤሌክትሮን የሚለቁበትን ቮልቴጅ ማወቅ ስላስፈለገኝ፣ ሳይክሊክ ቮልታሜትሪ የተባለውን ዘዴ ከጀማሪ ተማሪዎች ጎን ተቀምጬ መማር ጀመርኩ። ኤሌክትሮድ የተባለውን፣ ከረንት የሚያስተላልፍ ዘንግ ፈሳሹ ውስጥ ነክሮ፣ ቮልቴጁን ወደ ላይ፣ ከዚያም ወደ ታች እየወሰዱ የሚፈሰውን ከረንት መመዝገብ ነው፤ ሲሰሙት ቀላል ነው።

ልምምዱ የሚጀመረው ፖታሲየም ፈሪሲያናይድ በተባለ ጠባዩ በሚታወቅ ጨው ነው። የሚተላለፈው አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ስለሆነ፣ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቮልቴጁ ሲወጣና ሲወርድ ግራፉ ላይ በሚታዩት ሁለት የከረንት ጫፎች መካከል ያለው የቮልቴጅ ርቀት በንድፈ ሐሳብ ወደ 59 ሚሊቮልት ገደማ መሆን አለበት። የእኔ 240 ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሶፍትዌሩን ጠረጠርኩ፣ ሽቦውን ቀየርኩ፣ ፈሳሹን አራት ጊዜ እንደ አዲስ በጠበጥኩ። በመጨረሻ ጋሼ የምንላቸው ነባር የቤተ ሙከራ ባለሙያ ግራፉን አዩና «ልጄ፣ መሣሪያው ምን በደለሽ? የኤሌክትሮዱን ፊት ወልውለሽዋል?» አሉኝ።

በውሃ አጥቤው ነበር እንጂ አልወለወልኩትም። እርሳቸው ቅንጣቱ 0.05 ማይክሮሜትር የሆነ የአሉሚና ዱቄት በጥቂት ውሃ ለውሰው ጨርቁ ላይ አደረጉና፣ የካርቦኑን ኤሌክትሮድ ቀጥ አድርገው ይዘው፣ ሳይጫኑ፣ የ8 ቁጥርን ቅርፅ እየደጋገሙ አሹት። ጥቁሩ ክብ ፊት እንደ መስታወት እስኪያበራ ድረስ አልተዉትም። ታጥቦ ሲለካ ርቀቱ ወደ 74 ወረደ።

ኤሌክትሮድ የሚያውቀው የነካውን ብቻ መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ወደ ፊቱ መድረስ የሚችሉት ሞለኪውሎች በጥቂት አሥር ማይክሮሜትሮች ርቀት፣ ማለትም ከአንድ የፀጉር ዘለላ ውፍረት ባነሰ ስስ ንጣፍ ውስጥ ያሉት ናቸው፤ በቢከሩ ያለው የቀረው ፈሳሽ ለልኬቱ የሌለ ያህል ነው። በእኔ ሙያ ዕቃው ናሙናውን ይይዛል እንጂ ምላሽ አይሰጥም፤ እዚህ ግን ሙከራው የሚካሄደው በዕቃው ፊት ላይ ነው።

ይህ ለቡና ሲሆን ይበልጥ ይከብዳል። ፌኖሊክ ውህዶች ኤሌክትሮን ከለቀቁ በኋላ እርስ በርስ ተያይዘው ፊቱ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራሉ፤ ስለዚህ አምስተኛው ልኬት ከመጀመሪያው ያነሰ ከረንት ቢያሳይ ቡናው ስለደከመ አይደለም። እኔ ደግሞ የጅማውን ቡና ለክቼ፣ ሳልወለውል የሐረሩን አስከትዬ፣ የሐረሩ ያነሰ ነው ብዬ ልጽፍ ደርሼ ነበር። የተሳሳተ ውጤት በስሜ ሊወጣ እንደነበር ሳስብ እስከ አሁን ያስደነግጠኛል።

የሁለቱንም ልኬት ሰርዤ ካለፈው ሰኞ ጀምሮ እንደ አዲስ ይዤዋለሁ። ከእያንዳንዱ ናሙና በፊት እወለውላለሁ፣ በፈሪሲያናይድ አረጋግጬ ርቀቱን መዝገብ ላይ እጽፋለሁ፣ የትኛው ቡና እንደሚቀድምም በዕጣ አወጣለሁ። እስከ ዓርብ ማታ ድረስ የጨረስኩት ዘጠኝ ናሙና ነው።