የህልም ሥራ ወይስ ወፍራም ደመወዝ? ከመፈረማችሁ በፊት የሚሠራ ሂሳብ

[ስክሪን ላይ፦ ሁለት የቅጥር ደብዳቤዎች ጎን ለጎን። አንዱ ላይ 100፣ ሌላው ላይ 70።]

ዩኒቨርሲቲ ጨርሳችኋል፤ ሁለት የቅጥር ደብዳቤ ደርሷችኋል። አንደኛው ተማሪ ሳላችሁ ጀምሮ ስትመኙት የነበረ ሥራ ነው። ሁለተኛውን አስባችሁት አታውቁም፤ ደመወዙ ግን ይበልጣል። ሂሳቡ በየትኛውም አገር ገንዘብ እንዲሠራ፣ የተሻለ የሚከፍለውን በወር 100፣ የህልሙን ሥራ 70 እንበላቸው።

በዚህ ጊዜ የምትሰሙት ምክር ከሁለት አንዱ ነው፦ «የምትወዱትን ሥሩ፣ ገንዘቡ ራሱ ይመጣል» ወይም «መጀመሪያ ኑሯችሁን አደላድሉ»። ሁለቱም የእናንተን ወጪም ሆነ የሥራዎቹን ዝርዝር ሳያዩ የሚሰጡ ምክሮች ናቸው። ጥያቄው ይጥበብ፦ በየወሩ የምትተዉት 30 በኑሯችሁ ላይ ምን ያጎድላል? በምትኩስ በትክክል ምን ታገኛላችሁ?

ከሁሉ በፊት ወለሉን አስሉ። ወለል የምንለው ገቢያችሁ ከዚያ ካነሰ ብድር ውስጥ የምትገቡበትን መጠን ነው። ኪራይ፣ ምግብ፣ ትራንስፖርት፣ ስልክና ኢንተርኔት፣ የትምህርት ዕዳ ካለ ወርሃዊ ክፍያው፣ ለቤተሰብ የምትሰጡት። ብዙ ሰው የሚዘነጋው በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ የሚመጡትን ነው፦ ልብስ፣ ሕክምና፣ የኮምፒውተር ጥገና፣ ዘመድ ጥየቃ። የዓመቱን ደምሩ፣ ለ12 አካፍሉ፣ በወር ወጪው ላይ ጨምሩ። ከዚያ 10 በመቶ ለቁጠባ፣ ሌላ 10 በመቶ ላልታሰበ ወጪ።

ይህን ቁጥር የምታነጻጽሩት ደብዳቤው ላይ ከተጻፈው ደመወዝ ጋር አይደለም፤ ከግብርና ከጡረታ መዋጮ በኋላ እጃችሁ ከሚገባው ጋር ነው። ገቢ ሲያድግ የግብሩ መጠንም የሚያድግ ከሆነ፣ በወረቀት 30 የነበረው ልዩነት ሲጣራ ወደ 22 ሊወርድ ይችላል።

የህልሙ ሥራ የተጣራ ደመወዝ ከወለሉ በታች ከሆነ፣ ባለበት ሁኔታ አትቀበሉት። ወር የማያደርስ ደመወዝ የሚወዱትንም ሥራ ያስጠላል። ጉድለቱን የሚሸፍን ቁጠባ ወይም እገዛ ካላችሁ ግን ስንት ወር እንደሚያዘልቅ አስሉ፤ ጉድለቱ በወር 8፣ ያላችሁ 96 ከሆነ 12 ወር አላችሁ። ያ ጊዜ ሲያልቅ ምን እንደምታደርጉ ካሁኑ ወስኑ።

«ገንዘብ ደስታ አይገዛም» የሚለውን ክርክርም በአጭሩ እንለፈው። እ.ኤ.አ. በ2010 ዳንኤል ካነማንና አንገስ ዲተን በአሜሪካ ባደረጉት ጥናት፣ የዕለት ተዕለት ስሜት መሻሻል የቤተሰብ ገቢ በዓመት 75,000 ዶላር አካባቢ ሲደርስ እንደሚቆም ጻፉ። በ2021 ማቲው ኪሊንግስወርዝ ከዚያ በላይም እንደማይቆም አሳየ። በ2023 ካነማንና ኪሊንግስወርዝ ከባርባራ ሜለርስ ጋር ሆነው መረጃውን አብረው መረመሩት፤ ጣሪያው የሚታየው ደስታቸው እጅግ ዝቅተኛ በሆነው አነስተኛ ክፍል ላይ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ለእናንተ የሚጠቅመው ሌላው ነጥብ ነው፦ ለውጡ የሚከተለው የገቢውን ተመጣጣኝ ዕድገት ነው። ከ50 ወደ 100 መውጣት የሚያመጣው ለውጥ ከ100 ወደ 200 የመውጣትን ያህል ነው። ስለዚህ 30ው ትልቅ ወይም ትንሽ የሚሆነው በወለሉ አጠገብ ናችሁ ወይስ ርቃችኋል በሚለው ነው።

[ስክሪን ላይ፦ 100 ÷ 65 = 1.54 | 70 ÷ 43 = 1.63]

አሁን ሰዓቱን አስገቡ። 100 የሚከፍለው ሥራ ውሉ ላይ በሳምንት 40 ሰዓት ይላል፤ ሠራተኞቹን ስትጠይቁ ግን 55 ሰዓት ይሠራሉ፤ መንገዱ ደግሞ 10 ሰዓት ይወስዳል። ድምሩ 65። የህልሙ ሥራ 40 ሰዓት፣ መንገዱ 3 ሰዓት፤ ድምሩ 43። ለማነጻጸር ያህል የወሩን ክፍያ ለሳምንቱ ሰዓት ስታካፍሉ አነስተኛው ደመወዝ በሰዓት የበለጠ ይከፍላል። ተገላቢጦሹም ያጋጥማል፤ ብዙ ሰው የሚመኛቸው ሥራዎች የቅዳሜና የሌሊት ሥራ በነጻ የሚጠይቁበት ጊዜ አለ። በሰዓት የተሻለ መክፈሉ ግን ኪራይ አይከፍልም፤ የወር ወለሉ መጀመሪያ መሟላት አለበት።

ቀጥሎ የዕድገቱን ፍጥነት እንይ። ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱበት እዚህ ነው።

[ስክሪን ላይ፦ ሁለት መስመሮች ያሉት ግራፍ። አንዱ ከ100 በ4 በመቶ፣ ሌላው ከ70 በ12 በመቶ ይነሳል።]

100 የሚከፍለው በዓመት 4 በመቶ፣ 70 የሚከፍለው 12 በመቶ ያድጋል እንበል። በ6ኛው ዓመት ሁለተኛው 123 ሲደርስ የመጀመሪያው 122 ላይ ነው። ተደረሰበት ማለት ነው። እስከዚያ የጎደለው ድምር ግን ወዲያው አይካካስም፤ የሁሉም ዓመታት ገቢ ተደምሮ ሁለተኛው የሚቀድመው በ10ኛው ዓመት ነው። «ዝቅ ብለህ ጀምር፣ ኋላ ታገኘዋለህ» የሚል ሰው ይህን የአሥር ዓመት ርቀት አብሮ ሊነግራችሁ ይገባል። ሁለቱም በ4 በመቶ ካደጉ ደግሞ ልዩነቱ አይዘጋም፤ በገንዘብ ሲቆጠር እያደር ይሰፋል።

የዕድገቱን ፍጥነት የምታውቁት ከቀጣሪው ተስፋ አይደለም። በሁለቱም መስክ የ3 ዓመት ልምድ የሚጠይቁ የሥራ ማስታወቂያዎችን ፈልጉ፤ ስንት ናቸው፣ ምን ያህል ይከፍላሉ፣ ምን ችሎታ ይጠይቃሉ? ከዚያም ከሁለቱ መሥሪያ ቤቶች የለቀቁ ሰዎች አሁን የት እንዳሉ ተመልከቱ። ሮበርት ቶፔልና ማይክል ዋርድ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ ወጣት ወንዶች በመጀመሪያዎቹ 10 የሥራ ዓመታት ካገኙት የደመወዝ ዕድገት ቢያንስ አንድ ሦስተኛው የመጣው ሥራ በመቀየር ነው። የመጀመሪያው ሥራ ወደ ሁለተኛው የሚያሻግር ችሎታ ካልሰጠ፣ ዛሬ ያለው ብልጫ ብዙ አይዘልቅም።

ወደ ህልሙ ሥራ እንምጣ። ሰው የሚያልመው በአብዛኛው ርዕሱን ነው፦ ፊልም፣ ሕክምና፣ እንስሳት፣ ጠፈር፣ የሕፃናት መብት። በየቀኑ የሚሠራው ግን ርዕሱ ሳይሆን ተግባሩ ነው። የዱር እንስሳ የሚወድ ሰው የጥበቃ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሮ ሳምንቱን ሙሉ ሪፖርት ሊጽፍ ይችላል። ስለዚህ ሥራውን በትክክል ከሚሠሩ ሦስት ሰዎች ጋር ተነጋገሩ፤ ሁለቱ ከ1 እስከ 3 ዓመት የሠሩ፣ አንዱ የለቀቀ። «ሥራው እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ «ጥሩ ነው» ይሆናል። እንዲህ በሉ፦ «ያለፈው ማክሰኞ ከጠዋት እስከ ማታ በየሰዓቱ ምን ሠሩ?» ከዚያ እናንተን የሳበው ተግባር ከ40 ሰዓት ስንቱን እንደያዘ ቁጠሩ። 6 ሰዓት ከሆነ 30ውን የምትከፍሉት ለ6 ሰዓት ነው። ለአንዳንዱ ያ በቂ ነው፤ ግን አውቆ ይክፈለው። የለቀቀውን ሰው ደግሞ ምን ቢስተካከል ኖሮ እንደማይለቅ ጠይቁት።

ለሥራው ያላችሁ ፍቅር ቀጣሪው የሚያየው ነገር መሆኑንም እወቁ። ስቱዋርት በንደርሰንና ጄፈሪ ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካና በካናዳ የእንስሳት ማቆያዎች የሚሠሩ ተንከባካቢዎችን አጥንተዋል። ሥራቸውን እንደ ጥሪ የሚያዩት የበለጠ ትርጉም ያገኙበታል፤ በአንጻሩ ደመወዛቸውን፣ ጊዜያቸውንና ምቾታቸውን መሥዋዕት ለማድረግ የተዘጋጁ ናቸው፤ ለብዝበዛም ይጋለጣሉ። ቃለ መጠይቅ ላይ «በነጻም ቢሆን እሠራዋለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ከአፋችሁ እንዳይወጣ።

የተሻለ የሚከፍለው ሥራ የራሱ ወጥመድ አለው፤ ያለውም ውሉ ውስጥ ነው። ከ100ው ስንቱ መነሻ ደመወዝ፣ ስንቱ ቦነስ ነው? 25ቱ ቦነስ ከሆነና ካለፉት ሦስት ዓመታት በአንዱ ብቻ ከተከፈለ፣ የምታወዳድሩት 75ን ከ70 ጋር ነው። ለሥልጠና ወጪ ሲባል ሁለት ወይም ሦስት ዓመት የማገልገል ግዴታ አለ? አቋርጦ ለሚወጣ የሚከፈለው ገንዘብ ባገለገለው ጊዜ ልክ ይቀንሳል ወይስ ሙሉውን ነው? ከለቀቃችሁ በኋላ በተመሳሳይ ዘርፍ እንዳትሠሩ የሚከለክል አንቀጽ አለ? የሙከራ ጊዜውና የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያውስ ስንት ነው? አንዱ መልስ ካልገባችሁ ውሉን የሚያውቅ ሰው ሳያየው አትፈርሙ።

ከዚያ የበሮቹ ጉዳይ አለ። የትኛው ሥራ ነው ከሁለት ዓመት በኋላም ልትገቡበት የምትችሉት? አንዳንድ የጀማሪ ቅጥር የሚቀበለው ከተመረቁ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ያልሞላቸውን ብቻ ነው። የቤተ ሙከራ ወይም የሙዚቃ መሣሪያ ክህሎት ካልተነካ ይደበዝዛል። የህልሙ በር የሚዘጋ ዓይነት ከሆነና ወለሉ ከተሟላ፣ ሚዛኑ ወደ እሱ ቢያደላ ትክክል ነው እንላለን። በሩ ክፍት የሚቆይ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡን መርጦ መዘጋጀት ህልምን መክዳት አይደለም።

ግን «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» የሚለው ዕቅድ የሚከሽፈው በአንድ ምክንያት ነው፤ ወጪው ከደመወዙ ጋር አብሮ ያድጋል። ቤቱ ይሰፋል፣ መኪናው በብድር ይገዛል፣ ከዚያ በ70 መኖር የማይቻል ይመስላል። መከላከያው ከመጀመሪያው ወር በ70 መኖር ነው። ደመወዝ በሚገባበት ቀን 30ው ወደ ሌላ ሂሳብ በራሱ እንዲተላለፍ ባንኩን እዘዙ። በ24 ወር 720 ይሆናል፤ የህልሙ ሥራ የ10 ወር ደመወዝ ማለት ነው። በሳምንት 4 ሰዓት ደግሞ ለምትመለሱበት መስክ ሥራ መድቡ፤ ስትመለሱ የምታሳዩት ነገር ያስፈልጋችኋል።

የቀረው ድርድር ነው። የህልሙን ቀጣሪ የምታነጋግሩት ሁለተኛው ደብዳቤ በእጃችሁ ሳለ ነው፤ በሌለ ደብዳቤ ግን አታስፈራሩ፤ «እንግዲያው እዚያው ሂዱ» ከተባላችሁ መመለሻ የለም። እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «እዚህ መሥራት እፈልጋለሁ። 100 የሚከፍል ሌላ ቅጥር ቀርቦልኛል። 80 ቢሆን ዛሬውኑ እፈርማለሁ።» ደመወዙን መጨመር ካልቻሉ በ6ኛው ወር የደመወዝ ግምገማ፣ የሥልጠና ወጪ ወይም በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት መሥራትን ጠይቁ። የተስማማችሁበት ሁሉ ውሉ ውስጥ ይግባ፤ ቃል የገባው ኃላፊ ከሄደ ቃሉም አብሮት ይሄዳል።

ለመወሰን ከ3 እስከ 7 ቀን ጠይቁ። አንደኛውን ቅጥር በሁለቱም ወገን ፊርማ እጃችሁ ሳታስገቡ ሌላውን አትመልሱ። ውሉ ሲፈረም ግን በዚያው ቀን ለሌላው ቀጣሪ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ለጊዜያቸው አመስግኑ፣ የቃለ መጠይቁን ኃላፊ በስም ጥቀሱ፣ አድራሻውንም አስቀምጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ የምታንኳኩት የእሱን በር ሊሆን ይችላል።