የጣውላው ጀርባ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የምቀዳው እዚሁ ጎንደር፣ ከአባቴ የእንጨት ሥራ ቤት ሆኜ ነው። ጠጠር የሚወረወርበት የሚመስል ድምፅ ከሰማችሁ ጣሪያው ነው፤ ቆርቆሮው ፀሐይ ሲያገኘው ይንጣጣል።

ላወራችሁ የፈለግኩት ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ እስከ የካቲት ይዞኝ ስለከረመ ሥራ ነው። የአንዲት አሮጌ ጀልባ የውስጥ እንጨት። ጎንደርና ጀልባን ምን አገናኛቸው የሚል ይኖራል። ከአዘዞ ታጥፋችሁ፣ ቆላ ድባን አልፋችሁ፣ ጯሂትን አልፋችሁ ስትወርዱ መንገዱ ጎርጎራ ላይ ከጣና ጋር ይገናኛል። ከከተማችን 60 ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ጣና ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ ዋጋ አስከፍሎኛል።

የጀልባዋ ባለቤት የአባቴ የልብ ጓደኛ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ጀልባዋን ከሌላ ሰው ገዝተው፣ ሞተሯን አሠርተው ጨርሰው ነበር። «ውስጧን አንተ አብራልኝ፤ ለጥምቀት እንግዶች አሉብኝ» አሉኝ። እኔም እሺ አልኩ። ያን ጊዜ በልቤ የነበረውም እሱው ነው፦ ፍቆ፣ ቫርኒሽ ቀብቶ፣ አብርቶ ማስረከብ።

መጀመሪያ የገባሁበትን ቀን አልረሳውም። የጀልባዋ ቀፎ፣ የውጭ አካሏ ማለቴ ነው፣ ብረት ነው። ውስጧ ግን ግድግዳው በዋንዛ ጣውላ የተለበጠ ነው፤ በግራና በቀኝ ረጃጅም አግዳሚ ወንበር፣ ከወንበሩ ሥር የዕቃ ሳጥን፣ ከፊት ለፊት በርና መሳቢያ ያለው የነጂው ክፍል። የሳጥኖቹ በሮች ኮምፐንሳቶ ናቸው፤ ስስ ስስ እንጨት ተደራርቦ የተጣበቀ። ከላይ ሲታይ አያስከፋም፤ በላዩ ላይ ወፍራም ቫርኒሽ ተደርቦበታል፣ ማር የተቀባ ይመስላል። ግን በሩን እንደከፈትኩ የመጣብኝ ሽታ የእርጥብ ጆንያ ሽታ ነው። ያን ሽታ አፍንጫዬ ቀድሞ አወቀው፤ ጭንቅላቴ ግን ለመቀበል ሁለት ሳምንት ፈጀበት።

ከቤት የእናቴን ወስፌ ይዤ ሄጄ ነበር። አዎ፣ ስፌት የምትሰፋበትን ወስፌ። ጣውላውን በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ ታደርጉታላችሁ፤ ጤነኛ እንጨት ጠንከር ያለ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ይመልሳል፤ የታመመው ይደነቁራል። የደነቆረበት ቦታ ላይ ወስፌውን ስትጫኑት ጤነኛው አይቀበልም፣ ይገፋል። ከወንበሩ ሥር፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ያለው ጣውላ ግን ወስፌውን እንደ ዳቦ ተቀበለው። ፊቱ ያበራል፣ ውስጡ በስብሷል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ጣውላዎቹን አንድ በአንድ ፈትቼ ስገለብጣቸው ጀርባቸው ምንም አልተቀባም። ፊቱ አምስት ስድስት ድርብ ቫርኒሽ ለብሷል፣ ጀርባው ራቁቱን ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲተነፍስበት የዋለ ሞቃት አየር ማታ ከቀዝቃዛው ብረት ጋር ሲገናኝ ብረቱ ያልበዋል። ያ ላብ ወርዶ ወርዶ ከጣውላው ጀርባና ከተቆረጠው ጫፉ ይገባል። በተለይ ጫፉ፣ የእንጨቱ ቀጫጭን የውኃ ቱቦዎች ክፍት ሆነው ስለሚቆረጡ፣ ውኃ እንደ ጥጥ ነው የሚጠጣው። ገብቶ ደግሞ መውጫ የለውም፤ ከፊት በኩል ቫርኒሹ ዘግቶታል። ማንም ውኃ ሳይደፋባት፣ ቀፎዋም ሳይፈስ፣ ጀልባዋ ራሷ በላቧ ስትበሰብስ ኖራለች። ጨዋማ ባሕር ላይ ቢሆን ጨው እንጨት የሚበላውን ፈንገስ ትንሽ ያዳክመዋል፤ የጣና ውኃ ግን ጨው የለውም። እንጨት ውስጥ ያለው እርጥበት ከደረቁ እንጨት ክብደት 20 በመቶ በታች ከሆነ ያ ፈንገስ አይሠራም። ከዚያ ከበለጠ ሊሠራ ይችላል።

እና ከእኔ በፊት የሠራው ሰው፣ ማን እንደሆነ መጥራት አያስፈልግም፣ እርጥብ እንጨት ላይ ነው ቫርኒሽ የደረበው። ተናድጄ ነበር። ከዚያ እኔም ያንኑ አደረግኩ።

ኅዳር ላይ ጋሼ ደውለው «ምን ደረስክ?» ሲሉኝ አንዲት የነጂውን ክፍል ጣውላ ቶሎ ፍቄ፣ ቀብቼ ፎቶ ልልክላቸው ፈለግኩ። ላይዋ ደርቆ ነበር፣ እጄን ሳስቀምጥባት ቅዝቃዜ አልተሰማኝም። ቀባኋት። በሦስተኛው ቀን ወተት የተደፋባት መስላ ነጣች፤ ጠርዟ ላይ ደግሞ ቫርኒሹ ጉብ ጉብ አለ። በጥፍሬ ሳነሳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳልኝ፤ ከሥሩ እንጨቱ ጨለም ብሎ ረጥቧል። ያን ልጣጭ በጣቴ ይዤ ብዙ ቆየሁ።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ጣውላ ሲከምር በየመሃሉ ቀጫጭን እንጨት ይጥል ነበር፤ ንብርብሩ እንዳይነካካ። እኛ ልጆች ሆነን ያችን ቀጭን እንጨት ለጨዋታ ስንመዝዝበት «ተዉት፣ ይተንፍስበት!» ይለን ነበር። አንድ ኢንች ውፍረት ላለው ጣውላ አንድ ዓመት፤ ደንቡ ይሄ ነበር። እኔ ዓመት የለኝም፤ የፈታሁት ጣውላም ውፍረቱ ከዚያ ያነሰ፣ አንዴ የደረቀና ተመልሶ የረጠበ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ጭኜ ጎንደር አመጣሁት፣ ልክ እንደ እሱ ደረደርኩት፣ ግራና ቀኙን መስኮት ከፈትኩለት። መድረቁን ያወቅኩት በሚዛን ነው። ከጎረቤት ሱቅ የሽንኩርት ሚዛን ተውሼ አንዷን ጣውላ ምልክት አድርጌ በየአራት ቀኑ መዘንኳት። ስትመጣ 4 ኪሎ ከ300 ግራም ነበረች። ወረደች፣ ወረደች፣ 3 ኪሎ ከ600 ላይ ቆመች። ያች አንዲት ጣውላ 700 ግራም ውኃ ተሸክማ ኖራለች። ሰባት ሳምንት ፈጀ።

ያን ጊዜ ነው ለጋሼ የደወልኩት። «ጋሼ፣ ለጥምቀት አይደርስም» አልኳቸው። ዝም አሉ። «አባትህ ቢሆን ያደርስልኝ ነበር» አሉኝ። በጣም አመመኝ። መልስ አልሰጠኋቸውም፤ ግን አባቴ ቢሆን እንደማይቀባው አውቃለሁ።

በመሃል ጎርጎራ ልኬታ ልወስድ ወርጄ ከውኃው ዳር ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ በታንኳ መጡ። ከደንገል የተሠራች፣ የምታውቋት ታንኳ። ወርደው መቅዘፊያቸውን አኖሩ፣ ታንኳዋን ጎትተው አወጡ፣ ከዚያ ጫፏን አንስተው ዛፍ ላይ አስደግፈው አቆሟት። ውኃው ከሥሯ ይንጠባጠባል። «አባ፣ ለምን አያስተኟትም?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ካልደረቀች ነገ እኔን አትሸከምም፣ ልጄ» አሉኝ፣ ሌላ ምንም አላሉም፣ ዓሣቸውን ይዘው ሄዱ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያችን የቆመች ታንኳ በጣና ዳር ስንት ጊዜ አይቻታለሁ! አንድም ቀን ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

እሺ፣ ወደ ሥራው። የበሰበሰውን ቆርጬ በደረቅ ዋንዛ ተካሁ፤ ይህን በፍጥነት ልለፈው፣ አናጺ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። የብረት ቪቴ የነበረበት ቦታ ሁሉ ዙሪያው ጥቁር ነበር። እንጨት ውስጥ ታኒን የሚባል ነገር አለ፤ ብረትና እርጥበት ሲያገኘው እንደ ቀለም ይጠቁራል። ብርጭቆ ወረቀት አያወጣውም፣ ወደ ውስጥ የሰረገ ነው። ኦክሳሊክ አሲድ በሞቀ ውኃ በጥብጬ፣ ጓንት አድርጌ፣ በቡሩሽ ቀባሁት። ዓይናችሁ እያየ ይገረጣል። ከዚያ በውኃ ደጋግሞ ማጠብ፣ እንደገና ማድረቅ ነው። ካልታጠበና አሲዱ ደርቆ ዱቄት ሆኖ ከቀረ፣ ስትፍቁት ጉሮሮና ሳንባ ይጎዳል፤ አደራ። የብረቱን ቪቴ በነሐስ ለወጥኩት።

የኮምፐንሳቶ በሮቹን ደግሞ በኤሌክትሪክ ማለስለሻ አትንኩ። የላዩ ልባስ ብዙ ጊዜ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። እኔ አንዱን በር በሳሁት፤ መልኩ የሚያምረው እንጨት አለቀና ከሥሩ ያለው ወጣ። የቀሩትን እንደ አባቴ በጠርሙስ ስባሪ ፋቅኳቸው፤ ስባሪው ሲላጭ የሚወጣው ፍቅፋቂ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው፣ እጃችሁ የት ማቆም እንዳለበት ያውቃል። ጣውላዎቹን በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምሬ፣ በ120 አድርጌ በ220 ጨረስኩ፣ ሁልጊዜ በእንጨቱ መስመር።

የተልባ ዘይትም ሞክሬ ነበር፣ ለመሳቢያዎቹ። መልኩ ደስ ይላል። ግን የቀባሁበትን ጨርቅ ጠቅልዬ ጥግ ላይ ጥዬው ምሳ በልቼ ስመለስ ሳነሳው ሞቋል፤ ልክ ከምጣድ እንደወጣ እንጀራ። የተልባ ዘይት የሚደርቀው ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው፣ ሲወስድ ይሞቃል፣ የተጠቀለለ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ካጣ ራሱን በራሱ ያነድዳል። እንጨት በሞላበት ቤት፣ ወይም ነዳጅ ባለበት ጀልባ ውስጥ ቢሆንስ ብዬ ላብ አጠመቀኝ። ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውኃ ውስጥ ንከሩት። ይህን የምትሰሙ ወጣት አናጺዎች ካላችሁ፣ ከዛሬው ወሬ ሌላው ሁሉ ቢረሳችሁ ይሄ እንዳይረሳችሁ።

ቫርኒሹን የመጀመሪያውን ድርብ ግማሽ በግማሽ በአኳራጅ፣ በቀለም ማቅጠኛው፣ አቀጠንኩት፣ እንዲሰርግ። ፊቱን፣ ጀርባውን፣ አራቱንም ጠርዝ። ጫፎቹን ሦስት ጊዜ፣ መጠጣት እስኪያቆሙ። ከዚያ በላዩ አራት ድርብ፣ በየመሃሉ በ320 እየዳሰስኩ። ጠዋት ከአራት ሰዓት በፊት፣ ከሰዓት ከአሥር ሰዓት በኋላ ቡሩሽ አላነሳሁም፤ የጠዋቱ እርጥበት ሳይለቅ አይሆንም።

ያ የጎንደርና የጣና ልዩነት አሁን መጣ፤ ከከፍታው ይልቅ ነገሩ የሐይቁ ዳር እርጥብ አየር ነው። ጎንደር ላይ ልክክ አድርጌ የገጠምኳቸው የሳጥን በሮች ጎርጎራ ወርደው በሳምንታቸው ከዋንዛ የተሠራ ክፈፋቸው አብጦ አልዘጋ አሉ። እንጨት በርዝመቱ ብዙም አይንቀሳቀስም፤ በወርዱ ግን የአየሩን እርጥበት ተከትሎ ይሰፋል፣ ይጠባል። እንደገና አውልቄ፣ ላጨት አድርጌ፣ የላጨሁትን ጠርዝ እንደገና ቀብቼ መለስኩ። በየሳጥኑ ከላይና ከታች የአየር መግቢያ ቀዳዳ አበጀሁ። ጋሼ ይህን አልወደዱትም። «አዲስ በር ትበሳለህ እንዴ?» አሉኝ። ወስጄ የበሰበሰውን የድሮ ጣውላ አሳየኋቸው፤ ወስፌዋንም ሰጠኋቸው። ወጉት። እጀታው ድረስ ገባ። ወስፌዋን ጠርገው መለሱልኝ።

ጥምቀት አለፈ፤ እንግዶቻቸው በሌላ ሰው ጀልባ ነው የሄዱት። እኔ የካቲት ላይ አስረከብኩ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጎርጎራ ወርጄ ነበር፤ ስለሌላ ጉዳይ። መሽቶ ነበር፣ ጋሼ ጀልባዋን አስረው ሊወጡ ነው። አላዩኝም። የእጅ ባትሪ ይዘው ከወንበሮቹ ሥር እየዞሩ የሳጥኖቹን በሮች አንድ በአንድ ገርበብ አድርገው ከፈቷቸው። የመጨረሻው በር ተመልሶ ሲዘጋባቸው ጎንበስ ብለው ከኪሳቸው ቁራጭ እንጨት አውጥተው ወተፉበት፣ ከዚያ መብራቱን አጥፍተው ወጡ።