አማካይ ነጥብ የማይገልጸው ፊልም

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራው ስለ «ሜሞሪስ» ነው። ካትሱሂሮ ኦቶሞ መርቶት እ.ኤ.አ. በ1995 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ለእይታ የበቃ፣ በአንድ ርዕስ ሥር ሦስት የሳይንሳዊ ልብ ወለድ አኒሜሽኖችን የያዘ፣ ሁለት ሰዓት የማይሞላ ፊልም። ያላያችሁት ካላችሁ ከወዲሁ ላስጠንቅቃችሁ፤ ታሪኩን አንዳንድ ቦታ ማውጣቴ አይቀርም።

ተመልካቾች ስለዚህ ፊልም ሲያወሩ የሚሰጡት አስተያየት ይመሳሰላል። «የመጀመሪያው ድንቅ ነው፣ ሁለተኛው ያስቃል ግን ይረዝማል፣ ሦስተኛው ምን ሊል እንደፈለገ አልገባኝም።» ከዚያ አንድ ነጥብ ሰጥተው ያልፋሉ። እስቲ አስቡት፤ ለአንዱ 9፣ ለሌላው 6፣ ለሦስተኛው 7 ብትሰጡ አማካዩ 7.3 ነው። ይህ ቁጥር ሦስቱንም አይመስልም። በዚያ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እያንዳንዳቸው 40 ደቂቃ ገደማ ሲሆኑ ሦስተኛው 20 ደቂቃ ያህል ነው፤ አማካዩ ግን እኩል ይቆጥራቸዋል። ስለዚህ ነጥቡን ትተን ቅሬታዎቹን አንድ በአንድ ብናይ ይሻላል፤ በተለይ በሦስተኛው ላይ የሚቀርበውን፣ እኔ የምከራከረው ለሦስተኛው ፊልም ስለሆነ።

ከ«ማግኔቲክ ሮዝ» እንጀምር። ዳይሬክተሩ ኮጂ ሞሪሞቶ፣ የስክሪፕቱ ጸሐፊ ሳቶሺ ኮን፣ የሙዚቃው ደራሲ ዮኮ ካኖ ናቸው። የጠፈር ስብርባሪ የምትሰበስብ ኮሮና የተባለች መርከብ የድረሱልኝ ጥሪ ትሰማለች፤ ሠራተኞቿ ጥሪውን ተከትለው ሲሄዱ ኢቫ የምትባል የኦፔራ ዘፋኝ ትዝታ ውስጥ ይገባሉ። ይህን ክፍል የማይወድ ተመልካች ማግኘት ከባድ ነው። ሆኖም ከሚወዱትም መካከል «ኦፔራው ለድባብ የገባ ጌጥ ነው» የሚሉ አሉ። አይደለም። ከጥሪው ጋር የሚሰማው ዜማ ከጣሊያናዊው አቀናባሪ ከፑቺኒ ኦፔራ ከ«ማዳም ቢተርፍላይ» ነው፤ ኦፔራው መጀመሪያ መድረክ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1904 ሚላን ውስጥ ነው። በኦፔራው ሁለተኛ ክፍል ዋናዋ ሴት የሄደ ባሏን እየጠበቀች፣ ከባሕሩ ጫፍ ላይ ቀጭን ጭስ እንደሚታይ፣ ከዚያም ነጭ መርከብ ወደ ወደቡ እንደምትገባ ትዘፍናለች። አሁን ወደ ፊልሙ ተመለሱ፦ መርከብ መጣች፣ የወረዱት ግን የተጠበቀው ሰው አይደሉም። ከመርከቧ ሠራተኞች አንዱ የሆነው ሚጌል በኢቫ ፍቅረኛ ስም «ካርሎ» ተብሎ ሲጠራ የሚያስፈራን ለዚህ ነው፤ ዘፈኑ ውስጥ ባዶ የቆየውን ቦታ እንዲሞላ እየተገደደ ነው። የፊልሙ የግርጌ ጽሑፍ የዘፈኑን ግጥም ላይተረጉም ይችላል። ከማየታችሁ በፊት ትርጉሙን ፈልጋችሁ አንብቡት፤ አምስት ደቂቃ አይወስድም።

ሁለተኛው «ስቲንክ ቦምብ» ነው፤ ዳይሬክተሩ ቴንሳይ ኦካሙራ። ጉንፋን የያዘው የላቦራቶሪ ሠራተኛ መድኃኒት መስሎት የሙከራ ክኒን ይውጣል፣ ከሰውነቱም ገዳይ ጠረን ይወጣል። «ይረዝማል» የሚለው ቅሬታ እውነት አለው፤ ቀልዱ አንድ ነው፣ 40 ደቂቃ ይበዛበታል። አሠራሩ ግን ብልህ ነው። ሰውየው በደነገጠ ቁጥር ጠረኑ ይብሳል፣ ጠረኑ በባሰ ቁጥር ጦሩ አብዝቶ ይተኩሳል፣ ሲተኮስበት ደግሞ ይደነግጣል። ከዚህ ክብ የሚያወጣው አንድ ሰው «አንተ ነህ!» ብሎ ቢነግረው ነበር። እሱ ግን የአለቃውን ትእዛዝ ይዞ ወደ ቶኪዮ ይገሰግሳል። ፊልሙ የወጣበት ዓመት ደግሞ በመጋቢት ወር የቶኪዮ ምድር ባቡር ውስጥ የሳሪን ጋዝ ጥቃት የደረሰበት ነው። አኒሜሽን ለመሥራት የሚፈጀው ጊዜ ረጅም ስለሆነ ታሪኩ ለዚያ መልስ ሆኖ ተጻፈ ማለት አይቻልም፤ በዚያ ታኅሣሥ ሲኒማ የገባ ጃፓናዊ ግን እኛ በምንስቅበት ቦታ ሁሉ ስቋል ብዬ አላምንም።

አሁን ወደ «ካነን ፎደር»፣ ኦቶሞ ራሱ ወዳዘጋጀው። ጣሪያው ሁሉ መድፍ የሆነ ከተማ፣ አባት መድፍ ያጎርሳል፣ ልጅ ተኳሽ መሆን ይመኛል፣ ጠላት ደግሞ አንዴም አይታይም። ቅሬታው ሁለት ነው፦ «ዘገምተኛ ነው» እና «ታሪክ የለውም»።

ዘገምተኛ የሆነበት ምክንያት አለ። ይህ ክፍል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያልተቆረጠ አንድ ሾት (ካሜራው ሳይቋረጥ የሚያሳየው ምስል) መስሎ ነው የተሠራው። በተለመደ ፊልም አንድ ሾት በአማካይ 5 ሰከንድ ነው ብንል፣ 20 ደቂቃ ውስጥ 240 ሾቶች ይኖራሉ። አንዱ ከተበላሸ እሱን ብቻ ደግሞ መሥራት ነው፤ ከረዘመም ኤዲተሩ ያሳጥረዋል። እዚህ ግን በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲሰላ 28,800 ፍሬም ተያይዞ ይሄዳል። መሀል ላይ የሰውየው ቦታ ትንሽ ቢዛነፍ ስህተቱ ወደሚቀጥለው ይተላለፋል። ሰው ደረጃ ከወጣ መውጣቱን ማየት ግድ ነው፤ መዝለያ የለም። ፍጥነቱ የሚወሰነው በስቶሪቦርድ፣ ማለትም ፊልሙ አስቀድሞ በሥዕል በሚታቀድበት ወረቀት ላይ ነው፣ ከዚያ በኋላ ማስተካከያው እጅግ ውድ ነው።

ችግሩ በዚህ አያበቃም። በዚያን ጊዜ በእጅ ይሠራ በነበረው አኒሜሽን ገጸ ባሕርያቱ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ላይ ይሳሉ ነበር፣ ከሥር ደግሞ በቀለም የተሳለ ዳራ (የጀርባ ሥዕል) ይቀመጥ ነበር። ካሜራው ወደ ጎን ሲሄድ ቀላል ነው፤ ረጅም ሥዕል ስቦ ማሳለፍ ነው፣ የቅርቡ ፈጠን፣ የሩቁ ዘግየት እያለ። መጠኑ ካልተመጣጠነ እግር መሬት ላይ የሚንሸራተት ይመስላል። ካሜራው ሲዞር ወይም ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ጠፍጣፋው ሥዕል ጉዱ ይወጣል፤ ዳራው ራሱ እንደ ገጸ ባሕርይ ደጋግሞ መሳል አለበት። ለየብቻ የተሠሩት ቁርጥራጮች የሚገናኙበትን መገጣጠሚያ ለመደበቅ የሚያገለግሉት ጨለማ፣ ጭስ፣ ወይም ካሜራው አጠገብ የሚያልፍ ግድግዳ ናቸው፤ በጭስ የተሞላ ከተማ ለዚህ ይመቻል።

«ታሪክ የለውም» ለሚሉት ደግሞ፦ መድፉ ጥይት የሚጎርስበትን ሥርዓት ተከታተሉ። ጥይቱ ይነሳል፣ ይገፋል፣ ባሩዱ ይከተላል፣ ሁሉም ቦታውን ይይዛል፣ ከዚያ አዛዡ በታላቅ ክብር መጥቶ ይተኩሳል። ብዙ ሰው የሚለፋበት ሥራ የአንድ ሰው ትርኢት ይሆናል። የከተማው ታሪክ እዚያው ተነግሯል፤ ውጤቱን ደግሞ ቴሌቪዥኑ ብቻ ነው የሚያውቀው። ካሜራው ከከተማው ወጥቶ ጠላትን ቢያሳየን ኖሮ ነበር ፊልሙ የሚፈርሰው።

ለማየት ካሰባችሁ ሦስቱን በአንድ ትንፋሽ አትጨርሷቸው። ከመጀመሪያው በኋላ አቁሙ፤ የኢቫ ሐዘን ሳይለቃችሁ ወደ ቀልዱ ከገባችሁ ቀልዱን ያለ ጥፋቱ ትጠሉታላችሁ። ሦስተኛውን በሌላ ቀን፣ ደክሟችሁ ሳይሆን ነቅታችሁ፣ በትልቅ ስክሪን እዩት፤ በስልክ ከሆነ የዳራው ዝርዝር ይጠፋል። ሁለቴ ማየት ከቻላችሁ፣ በሁለተኛው ሰዎቹን ትታችሁ የካሜራውን መንገድ ብቻ ተከተሉ፤ መገጣጠሚያ ነው ብላችሁ የጠረጠራችሁትን ደቂቃ ጽፋችሁ ላኩልኝ።