«13 ዓመት» ለማን ልጅ ነው?

(ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለተማሪ ወላጆች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንደምን ዋላችሁ!

በመጀመሪያ ተረጋጉ፤ የጠራናችሁ ለመዋጮ አይደለም። ስለ አንድ ፊልም ልናማክራችሁ ነው። የፊልም ክበባችን ልጆች «ሆቴል ሩዋንዳ»ን ትምህርት ቤት ውስጥ እንይ ብለው ጠየቁ። የታሪክ መምህር ነህ ተባልኩና ነገሩ እኔ ላይ ወደቀ። ብቻዬን መወሰን አልፈለግሁም።

ፊልሙ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በ1986 ዓ.ም. ሩዋንዳ ውስጥ የሆነውን የዘር ጭፍጨፋ ይተርካል። በመቶ ቀን ያህል ጊዜ 800 ሺህ ገደማ ሰው አለቀ። አብዛኞቹ ቱትሲ የሚባለው ብሔረሰብ ተወላጆች ነበሩ። በዚያ መሀል ኪጋሊ ያለ አንድ ሆቴል ውስጥ ከ1,200 በላይ ሰዎች ተጠልለው ተረፉ። ታሪኩ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ የፖል ሩሴሳባጊና ነው።

አንድ ባልደረባዬ «ምን ያጨቃጭቃል? ፊልም ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚሆን የሚወስኑት አሜሪካኖች 13 ብለውታል» አለኝ። ብለዋል። መጀመሪያ ግን ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ እንዳያየው ወስነው ነበር። ይግባኝ ተብሎ ነው ወደ 13 የወረደው። ቁጥሩም ቢሆን ወላጅን «ከዚህ በታች ላለው ልጅህ ተጠንቀቅ» ይላል እንጂ ለሌላው ሁሉ በሩን አይከፍትም።

እኛ ጎጃሞች ደግሞ ልጅን ከጦር ታሪክ ሰውረን አናውቅም። ሠርግ ላይ ቀረርቶና ፉከራ ሲደምቅ ዕድሜ የሚጠይቅ ማን ነው? በላይ ዘለቀ ጣሊያንን እንዴት እንደተዋጋ፣ በ1937 ዓ.ም. እንዴት እንደተሰቀለ፣ ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን ሳይቀር ይሰማል። ፉከራ ውስጥ ግን ገዳዩም ሟቹም ጦረኛ ነው። እዚህ ፊልም ውስጥ የሚሞተው ጎረቤት ነው። የሚገድለውም ጎረቤት።

ደም ብዙም አያሳይም። ከባዱ ሌላ ነው። ሰዎችን «በረሮ» እያለ የሚቀሰቅስ ሬዲዮ አለ። ሥራ አስኪያጁ በጉም ውስጥ በመኪና ሲሄድ መኪናው መንገጫገጭ ይጀምራል። ወርዶ ሲያይ መንገዱን የሞላው አስከሬን ነው። ሆቴል ተመልሶ ከረባቱን ማሰር ያቅተዋል። ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። አዋቂም ይህን አይቶ ቶሎ እንቅልፍ አይወስደውም።

13 ያሉት ሰዎች በሐሳባቸው የነበረው ተኩስን በፊልም ብቻ የሚያውቅ ልጅ ይመስለኛል። የእኛ ልጆች ባለፉት ዓመታት ተኩስ በጆሯቸው ሰምተዋል። ትምህርት ተቋርጦባቸዋል። ዘመድ የቀበረም አለ። ስለዚህ እኔ ከዕድሜው በፊት የምጠይቀው ልጁ ምን አይቶ እንደመጣ ነው። 18 ሞልቶት ይህን ፊልም ማየት የሌለበት ልጅ አለ። እሱን ከመዝገብ አላገኘውም፤ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

«ቲክቶክ ላይ ከዚህ የባሰ ያያሉ» የምትሉ ትኖራላችሁ። ያያሉ። ግን ብቻቸውን፣ ብርድ ልብስ ውስጥ፣ ማንንም ሳይጠይቁ። አብረን እንየው የምለውም ለዚሁ ነው።

ሐሳቤ ይኸው። ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ዘንድሮ ይቅር። 11ኛና 12ኛ ይዩት። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ግን አይሆንም። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ነው፤ ደወሉ እዚያ ጉም ውስጥ ቢቆርጠው ልጆቹ አስከሬኑን በዓይናቸው ይዘው ሒሳብ ሊማሩ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ይሁን። በሩ ክፍት ይሆናል። የወጣ ልጅ ለምን ወጣህ አይባልም። ስም አይጠራም፣ ፈተና ላይም አይመጣም። ልጄ አይይ የሚል ወላጅ ይንገረኝ፤ ምክንያቱን አልጠይቅም።

ከዚያ ውይይት አለ። ከሆቴሉ ከተረፉት አንዳንዶቹ ሰውየው ፊልሙ የሳለውን ያህል ጀግና አልነበረም ይላሉ። ራሱም እ.ኤ.አ. በ2021 ሩዋንዳ ውስጥ ከሽብር ጋር በተያያዘ ክስ 25 ዓመት ተፈርዶበት፣ በ2023 ተለቋል። ልጆቹ ይህን ሰምተው ፊልሙን ሲሞግቱት ማየት እፈልጋለሁ። እውነቱን ለመናገር እኔን ከፊልሙ በላይ የሚያጓጓኝ እሱ ነው።

በቅድሚያ ግን እናንተ እዩት። በመጪው ቅዳሜ ለወላጆች ብቻ እናሳያለን። እንግሊዝኛው ለሚያስቸግራችሁ እያቆምኩ እተረጉማለሁ። መብራት ከሄደ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንሞክራለን።

አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።