ከቺካጎ ወጣ ብሎ ፕሬሪና ጫካ መጎብኘት

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ኢሊኖይ «የፕሬሪ ግዛት» ትባላለች፤ ፕሬሪ ማለት ሰፊ የሣር ሜዳ ነው። ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሣር የሸፈነው ያ ሜዳ ግን ታርሶ የበቆሎና የአኩሪ አተር ማሳ ሆኗል። ሳይታረስ የተረፈው ከ10,000 ሄክታር አንድ ያህሉ ብቻ ነው። ስለዚህ የምትጎበኙት አብዛኛው ሜዳ በሰው እጅ እንደገና የተዘራ ነው።

በኤፕሪል ሄዳችሁ የከሰለ መሬት ብታዩ አትደንግጡ። ቁጥቋጦውን ለማጥፋት እሳቱን የሚለኩሱት ባለሙያዎች ናቸው። የፕሬሪ ሣር ሥሩ ከ2 ሜትር በላይ ስለሚወርድ ላዩ ቢነድም መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ወፍራም ቅርፊት ያለው ኦክ የሚባለው ዛፍም እሳቱን ይችለዋል። የማይችለው ባክቶርን ነው፤ በተለይ ለጋው። ለአጥር ተብሎ ከአውሮፓ የመጣ ቁጥቋጦ ሲሆን፣ ቀድሞ ለምልሞ ቅጠሉን ዘግይቶ ስለሚያራግፍ የኦክ ችግኝ ብርሃን ያጣል። ትልልቁ በመጋዝ ይቆረጣል፤ ጉቶው ወዲያው ፀረ-አረም መድኃኒት ካልተቀባ ግን በአንዱ ግንድ ምትክ ብዙ ሆኖ ይመጣል።

መቼ እንሂድ? የጫካ አበባ ለማየት ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ አጋማሽ፣ የዛፉ ቅጠል ሳይገጥም። የፕሬሪ አበባ በጁላይ ይደምቃል፤ እኛ ግን ሴፕቴምበርን እንመርጣለን። ሣሩ የሚረዝመው ያኔ ነው፤ ደግሞም የአደይ አበባ ዘመዶች በእርጥብ ቦታ ቢጫ ሆነው የሚታዩት በእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው።

ጫካ ለሚወድ ፓሎስ ውስጥ ስዋሎው ክሊፍ አለ፤ 125 የድንጋይ ደረጃ ስላለው ጉልበት ለሚያማቸው አይሆንም። ሜዳ ለሚወድ ደግሞ ጆሊየት አጠገብ ሚደዊን አለ። የጥይትና የፈንጂ ፋብሪካ የነበረ ቦታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ለፕሬሪ ተከለለ፣ በ2015 ደግሞ 27 ባይሰን የሚባል የአሜሪካ ጎሽ ገባበት። ጥላ የለውምና ውኃ በብዛት ያዙ፤ አጥሩን ተሻግሮ ወደ ባይሰኖቹ መጠጋት ክልክል ነው።

ቺካጎና ስዋሎው ክሊፍ ባሉበት በኩክ ካውንቲ መናፈሻዎች ለቡና የሚጎዘጎዝ ሣር አይታጨድም፤ አበባም እንጉዳይም አይለቀምም። እዚያው 25 ሰውና ከዚያ በላይ ሆናችሁ ለመዝናናት ከሄዳችሁ አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። የጋለ ከሰል ዛፍ ሥር አትድፉ።

ከመንገዱ አትውጡ። ሦስት ሦስት ቅጠል ያለውን ፖይዝን አይቪ አትንኩ፤ ከነካችሁ ቶሎ በሳሙና ታጠቡ። ቢጫ አበባ ያለው የዱር ፓርስኒፕ ደግሞ ይብሳል፤ ፈሳሹ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው እንደ እሳት ያቃጥላል፣ ውኃም ይቋጥራል።

መዥገር የሚሳፈረው መንገዱ ዳር ካለው ሣር ነው። ጠቆር ያለ ሳይሆን ነጣ ያለ ረጅም ሱሪ ልበሱና ጫፉን ካልሲ ውስጥ ክተቱ፤ ዲት (DEET) የሚባለው ተባይ ማባረሪያ ከ20 እስከ 30 በመቶ ያለበትን መከላከያ ተቀቡ። ቤት ስትገቡ የልጆቹን ፀጉር፣ ጆሮ ጀርባ፣ ብብት፣ ወገብና ጉልበት ጀርባ ፈትሹ። የተጣበቀ ካለ በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ሳታጣምሙ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ቅቤ መቀባት፣ ጋዝ ማፍሰስ፣ ክብሪት ማስጠጋት አይሠራም፤ መዥገሩ ሳይለቅ ጊዜው ያልፋል። በሚቀጥሉት ሳምንታት እየሰፋ የሚሄድ ቅላት ወይም ትኩሳት ከታየ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ መዥገር እንደነከሳችሁም ንገሩት።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።