በጀቱ ይቆይ፣ ጋብቻው ይቅደም፦ የሚኒሶታ 2011

[ስክሪን ላይ፦ ሴንት ፖል፣ የሚኒሶታ ምክር ቤት ሕንፃ፣ ምሽት]

ቅዳሜ ማታ ነው። ሜይ 21 ቀን 2011። ዛሬ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የሚኒሶታ ሕግ አውጪዎች መደበኛ ስብሰባቸው ሊዘጋ ሁለት ቀን ቀርቷቸዋል። ግዛቲቱ 5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የበጀት ጉድለት አለባት። አገረ ገዢውና ምክር ቤቱ በበጀቱ አልተስማሙም። አዳራሹ ውስጥ ግን ክርክሩ የጦፈው በጋብቻ ጉዳይ ነው።

የቀረበው ሐሳብ አጭር ነው። ጋብቻ በአንድ ወንድና በአንዲት ሴት መካከል ብቻ መሆኑ በግዛቱ ሕገ መንግሥት ይጻፍ፤ ሕዝቡም ድምፅ ይስጥበት። ለሰዓታት ተከራከሩ። በመጨረሻ በተወካዮች ምክር ቤት 70 ለ62 አለፈ። ተቃውመው ድምፅ ከሰጡት መካከል ኢራቅ ላይ ሁለት እግሮቹን ያጣው ሪፐብሊካኑ ጆን ክሪዝል ይገኝበታል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ያኔ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ሚኒሶታ ውስጥ ይፈቀድ ነበር? በፍጹም። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ገና በ1971 ጥያቄውን ውድቅ አድርጎታል። በ1997 ደግሞ ምክር ቤቱ ራሱ በሕግ ከልክሎታል። ስለዚህ ያን ቅዳሜ ዝም ብለው ቤታቸው ቢገቡ ኖሮ፣ ሰኞ ጠዋት የሚለወጥ ነገር አልነበረም።

ደጋፊዎቹ መልስ ነበራቸው። ጎረቤት አይዋን እዩ አሉ። እዚያ በ2009 ፍርድ ቤት ተመሳሳይ ክልከላ ሽሯል። እኛም ጋ ዳኞች ከመድረሳቸው በፊት በሕገ መንግሥት እንቆልፈው። ስጋቱ ከሜዳ የመጣ አልነበረም፤ ይህን ልንክድባቸው አይገባም።

ግን ለምን በዚያ ሳምንት? ሕዝቡ ድምፅ የሚሰጠው በኖቬምበር 2012 ነው። ዓመት ከመንፈቅ ይቀራል። በሚቀጥለው ዓመት ስብሰባ ላይ ማጽደቅ ይችሉ ነበር። የመራጮች መታወቂያን የሚመለከተውን ሌላ ማሻሻያ በ2012 ጸደይ አሳልፈው ለዚያው ምርጫ አድርሰውታልና። ስለ ጋብቻ ያለን አቋም ምንም ይሁን፣ የቀን መቁጠሪያው ብቻውን ብዙ ይናገራል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሉ የለ።

[ስክሪን ላይ፦ ሁለት መንገዶች፤ አንደኛው በአገረ ገዢው ቢሮ ያልፋል፣ ሌላው አያልፍም]

አሠራሩን ስናይ ምስጢሩ ይፈታል። በ2010 ምርጫ ሪፐብሊካኖች ሁለቱንም ምክር ቤቶች ያዙ። ሴኔቱን ሲይዙ ከ38 ዓመት በኋላ ነው። አገረ ገዢው ማርክ ዴይተን ግን ዴሞክራት ነው። ተራ ሕግ የእሱን ፊርማ ይፈልጋል። በጀትም ይፈልጋል። እሱ ከሀብታሞች ተጨማሪ ግብር ይሰብሰብ ይላል፤ እነሱ አዲስ ግብር አንሰማም ይላሉ። አንዱ ካልለዘበ በጀት የለም።

የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ግን በአገረ ገዢው በር አያልፍም። በሁለቱም ምክር ቤቶች አብላጫ ድምፅ ካገኘ በቀጥታ ወደ ሕዝብ ይሄዳል። ዴይተን ወረቀቱ ላይ ውድቅ ብሎ ጽፎበታል፤ ለምልክት ያህል እንጂ የሚያስቆመው ነገር አልነበረም። ከተቃዋሚ ጋር መደራደር የለ፣ ከካዝና የሚወጣ ገንዘብ የለ። ለፖለቲከኛ ዕዳው ገብስ ነው።

መራጭ ያወጣል የሚል ተስፋም አለ። በ2004 ቡሽና ኬሪ በተወዳደሩበት ቀን 11 ግዛቶች ተመሳሳይ ማሻሻያ ለሕዝብ አቅርበው በሁሉም አልፏል። 2012ም ፕሬዚዳንት የሚመረጥበት ዓመት ነው። ያ ልምድ ከአእምሯቸው ጠፍቷል ብሎ ማመን ይከብዳል።

በጀቱስ? ጁላይ 1 የሚኒሶታ መንግሥት ተዘጋ። 20 ቀን ያህል። 22 ሺህ የሚሆኑ ሠራተኞች ቤታቸው ተቀመጡ። የጁላይ 4 በዓል ሲመጣ የግዛቱ ፓርኮች ዝግ ናቸው። የመንገድ ሥራው ቆመ። ሎተሪ የለም። የመንጃ ፈቃድ ፈተናም የለም። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ፤ የተዘጋው ቢሮ ለእነሱም ዝግ ነበር። ከሁሉ የሚያስቀው የቢራው ነው። ሚለርኩርስ ፈቃዱ ስላልታደሰ በደርዘን የሚቆጠሩ የቢራ ዓይነቶቹን ከመደርደሪያ እንዲያነሳ ተነግሮት ነበር። የፖለቲካ ጥል ቢራ ጋ ሲደርስ ሁሉም ይሰማዋል።

ማስታረቂያውም ብዙ አያኮራም። ለትምህርት ቤቶች የሚከፈለው ገንዘብ ወደ ከርሞ ተገፋ፤ ከትምባሆ ኩባንያዎች ወደፊት በሚገባው የካሳ ገንዘብ ላይ ደግሞ ተበደሩ። ጉድለቱን አሳደሩት እንጂ አልዘጉትም።

[ስክሪን ላይ፦ የድምፅ መስጫ ወረቀት፣ ኖቬምበር 2012]

ምርጫው ደረሰ። በሚኒሶታ ደንብ ጥያቄውን ባዶ ያለፈ ሰው እንዳልደገፈ ይቆጠራል። አዎ ያለው 47 ከመቶ ገደማ ብቻ ሆነ፤ ማሻሻያው ወደቀ። ሪፐብሊካኖችም ሁለቱንም ምክር ቤቶች አጡ።

ቀጥሎ የሆነውን የ2011 ሰዎች አላሰቡትም። በሜይ 2013 አዲሱ የተወካዮች ምክር ቤት የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን 75 ለ59፣ ሴኔቱ 37 ለ30 አጸደቁ። ሜይ 14 ዴይተን ፈረመ። ሊቆልፉት የተነሱበት በር በሁለት ዓመት ውስጥ ተከፈተ። ባይነኩት ኖሮ በዚያ ፍጥነት ይከፈት ነበር? እኔ አይመስለኝም። ማሻሻያውን ለመቃወም የተደራጀው ሕዝብና የተሰበሰበው ገንዘብ በማግስቱ አልተበተነም።

በ2015 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ በመላ አገሪቱ እንዲፈቀድ ወስኗል። ግን አጀንዳው አልሞተም። በጃንዋሪ 2025 የአይዳሆ የተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያን ውሳኔ እንዲሽር የሚጠይቅ መግለጫ 46 ለ24 አጽድቋል። መግለጫው የሕግ ኃይል የለውም፤ ፍርድ ቤቱንም አያስገድድም። ክርክር ግን ተደርጎበታል፣ ድምፅም ተቆጥሮበታል።