ባቡሩ ከቆመ በኋላ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አመሻችሁ። ይህን የምቀዳው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ከሚገኘው ቤታችን ነው። የቀኑ ሙቀት ገና ከግድግዳው አልወጣም፤ መስኮቱን ከፍቼዋለሁና የባጃጅ ድምፅ ከሰማችሁ ታገሡኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት የልጄን የትምህርት ቤት ቅጽ ስሞላ «የወላጅ ሥራ» ከሚለው መስመር ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። 14 ዓመት ሙሉ «የባንክ ሠራተኛ» እያልኩ ሳላስብ ስሞላው የኖርኩት መስመር ነው። በዚያ ሳምንት ግን የሥራ መደቤ ታጥፎ ከባንኩ ወጥቻለሁ። ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ ያቺን አንዲት መስመር እያየሁ ተቀመጥኩ። የገንዘቡ ጉዳይ አሳስቦኝ ነበር፣ አልዋሽም። የበለጠ ያስደነገጠኝ ግን በ41 ዓመቴ ያ ስም ሲወሰድብኝ ሌላ የምጽፈው ነገር ማጣቴ ነው።

ዛሬ ዛሬ «ማንነት» ሲባል የሁሉም ሰው ጆሮ ወደ ብሔር ይሄዳል። ይህን ለሌላ ሰው እተወዋለሁ። እኛ ግቢ ውስጥ በአማርኛ ተጣልተን፣ በኦሮምኛ ታርቀን፣ የሶማሌ ጎረቤታችን ቤት በልተን ነው ያደግነው። እኔ የማነሣው ጠዋት ዓይን ሲገለጥ የሚመጣውን ጥያቄ ነው፤ ዛሬ እኔ ለማን እፈለጋለሁ?

አባቴ ሸሚኖ ነበር። የድሬ ልጅ ይህን ቃል አይጠይቅም፤ ለሌሎቻችሁ፣ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፣ የምድር ባቡር ሠራተኛ ማለት ነው። እሱ በጥገና ክፍሉ ውስጥ ቶርኖ፣ ማለትም የብረት መቅረጫ ማሽን፣ ላይ ይሠራ ነበር። ከተማችንም ብትሆን የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር ሊገባ ታስቦ ነበር፤ ተራራው ቢያስቸግር ከታች ሜዳው ላይ ቀረ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚህ ሲደርስ ለከተማዋ የወጣላት ስም «አዲስ ሐረር» ነው። አስቡት፣ በሌላ ከተማ ስም፣ ለአንድ ሥራ ተብላ የተወለደች ከተማ። ያ ስም አልጸናም። ሰው ድሬዳዋ አላት፣ ድሬዳዋ ሆነች።

አሮጌው ባቡር ወደ አዲስ አበባ መውጣቱን ሲያቆም አባቴ ጡረታው ተቃርቦ ነበር። ቢሆንም በየጠዋቱ እየሄደ ቶርኖውን ዘይት ይቀባል። ጡረታ ከወጣ በኋላ ለወራት በራፍ ላይ ተቀመጠ። አንድ ቀን ጎረቤታችን የልብስ ስፌት መኪናዋን ይዛ መጣች። እሱን ሲያበጅላት ወሬው ተዛመተ፤ ቀጥሎም የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር መሄድ ጀመረ፣ በግንብ በታጠረው በጁገል ውስጥ መኪና ግርግር ወደሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ።

አንድ ጊዜ አብሬው ሄጄ ነበር። መለኪያውን ካሊፐር ከጨርቅ ፈትቶ አወጣ፣ የመርፌውን ዘንግ በካሊፐሩ ጥርሶች መካከል አስገብቶ ለካ፣ ትንፋሹን ያዘ፣ እንደገና ለካ። ልብስ ሰፊው «አባባ፣ ይድናል?» ቢለው አልመለሰለትም። ሦስተኛ ሲለካ ግንባሩ ላይ ያለው ላብ ወርዶ ቅንድቡ ላይ ቆመ፤ ሊጠርገው እጁን አላነሣም። ሥራው ካለቀ በኋላ አንድ ሽማግሌ «ሥራዎ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁት «ሸሚኖ ነኝ» አለ። ባቡሩ ከቆመ ስንት ዓመቱ! እሱ ግን «ነበርኩ» ብሎ አያውቅም።

በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅ የሐዲዱን ስፋት ነገርኩት። የድሮው 1,000 ሚሊ ሜትር ነው፣ የአዲሱ 1,435። «43 ሳንቲም ተኩል» አለና ዝም አለ። በዚያች ልዩነት ምክንያት እሱ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠግናቸው ከኖሩት ፉርጎዎች አንዱም በአዲሱ ሐዲድ ላይ ሊሄድ አይችልም። በማግስቱ ጠዋት ግን ሐረር ወጣ፤ የስፌት መኪናው እስኪበጅለት የሚጠብቀው ሰው ነበር።

ያኔ ያለፈውን ሙጭጭ ብሎ የያዘ ይመስለኝ ነበር። ተሳስቼ ነው። ከአባቴ ላይ ድርጅቱ ቢሄድ ትንፋሽ ይዞ የሚለካው ሰውዬ ቀርቷል። ከእኔ ምን እንደቀረ ለማወቅ ወራት ፈጀብኝ። «ራስህን ፈልግ» የሚሉ ሥልጠናዎችን ሰምቻለሁ። ቤቴን ዘግቼ ራሴን ስፈልግ ያገኘሁት ፍርሃቴን ብቻ ነው። ከዚያ ያወጣኝ የሌላ ሰው ጥሪ ነው።

የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ዓይናቸው ደክሞ ነበር። አንዲት እናት ቤቴ መጥተው «አንቺ ባንክ ሠርተሻል፣ መዝገቡን ያዢልን» አሉኝ። በሚሊዮን የሚቆጠር ብድር ስመረምር ኖሬ ለወርኃዊ መዋጮ መዝገብ! ቅር እያለኝ ተቀበልኩ።

ማታ አሮጌውን መዝገብ ስገልጥ ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ ደረስኩ። የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከተማችን ውስጥ ከ200 በላይ ሰው የወሰደበት ወር ነው። በእኛ ዕድር ገጽ ላይ ስሞቹ ተከታትለው ሰፍረዋል። ሥርዝ ድልዝ የለውም። ቀን፣ ስም፣ የተከፈለ ብር፣ የተቀባይ ፊርማ። ከመስመሮቹ በአንዱ የተቀባዩና የጸሐፊው ፊርማ አንድ መሆኑን ያየሁት ቆይቼ ነው። የሟቹ አባት ስም የጸሐፊው ስም ነበር። የልጃቸውንም መስመር እንደ ሌሎቹ፣ በዚያው እጅ፣ በዚያው ሰማያዊ ቀለም ጽፈውታል።

መዝገቡን ዘግቼ አለቀስኩ። ከዚያ ማስመሪያ ፈለግሁና የሚቀጥለውን ወር ገጽ አሰመርኩ።

አሁን በአንድ ማከፋፈያ ድርጅት ውስጥ ሒሳብ እሠራለሁ። ደመወዙ ከባንኩ ያንሳል፤ የቤት ወጪ ሲመጣ አሁንም እጨነቃለሁ። እሑድ እሑድ ግን መዝገቡን ይዤ ጥላው ሥር እቀመጣለሁ። ባለፈው እሑድ መዝገቡን ያስያዙኝ እናት ከነጠላቸው ጫፍ ብሩን ፈትተው ሰጡኝ።

«ጻፍሽው?»

«ጽፌዋለሁ፣ እማማ።»

«እስቲ አንብቢልኝ።»

ስማቸውን ከነአባታቸው አነበብኩላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ የነጠላቸውን ጫፍ መልሰው ቋጠሩና ሄዱ።

ደህና እደሩ።